ሣጥኑ ያልያዘው ዕቃ

ድንቅነሽ የመጨረሻውን መሳቢያ ጎትታ አወጣችና ማድ ቤቱ ወለል ላይ ገለበጠችው። ሹካው፣ ማንኪያው፣ የቡሽ መንቀያው፣ ምን እንደሚሠራ የማታውቀው ጥርሳም ብረት ሁሉ እየተንኳኳ ተበተነ። ከጧት ጀምሮ ስትከት ስታወጣ ውላለች። ሣጥኖቹ ይሞላሉ፤ የእሷ ዕቃ ግን አሁንም ደጅ ፀሐይ ላይ እንደተኮለኮለ ነው።

ትእዛዙ የመጣው ጎሕ ሲቀድ ነበር። ጣሊያን ዲላ በገባ ሰሞን ቤቱን ቀምቶ የተቀመጠበት ካፒቴን፣ ወደ ይርጋ ጨፌ ሊሄድ አንድ እግሩን መኪናው ላይ እንደሰቀለ፣ በአስተርጓሚው በአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ አፍ ነገራት። ማታ የበላይ አለቃው ለራት ይመጣል። አናጢው ወልዱ ከዋንዛ እንጨት የሠራቸው መሳቢያዎችና ባለ በር የታች ሣጥኖች ተገጥመው አልቀዋል፤ ከእንግዲህ ወለል ላይ የተቀመጠ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ማየት አይፈልግም። ሣጥኑ ያልያዘው ዕቃ ሁሉ ከግቢው ይውጣ። ግቢ ውስጥ ቀርቶ ያገኘውን ወታደሮቹ ገደል ይከቱታል።

ቤቱ እኮ የካፒቴኑ አይደለም። የባሏ የግዛቸው ነው። ግዛቸው ሱቁን ዘግቶ ከዘመተ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሞቷል እያሉ የሚያንሾካሹኩ አሉ፤ በሯ ላይ ቆሞ መርዶ ያረዳት ግን የለም። መርዶ ያልሰማች ሴት ደግሞ ጥቁር አትለብስም፣ ቤቷንም አትፈታም። ስለዚህ ካፒቴኑ ትልቁን ቤት ይዞ እሷን ወጥ ቤት ሲያደርጋት፣ ዘመዶቿ ነይ ውጪ ቢሏትም እምቢ አለች። በገዛ ቤቷ ገረድ መሆን እንደ እሬት ይመራል፤ ግን ጥላ የሄደች ቀን ቤቱ የግዛቸው መሆኑ እንደሚያበቃ ታውቃለች። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ትቀቅላለች፣ ትጠብሳለች።

አሁን ያንገበገባት ሦስቱ ጉልቻዎች ናቸው። በተጋቡ ሰሞን ግዛቸው ከለገዳራ ወንዝ መርጦ በትከሻው ያመጣቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስት ተሸክመው የኖሩ ጥቁር ድንጋዮች ናቸው። የብረቱ ምድጃ ሲገባ ከቦታቸው ተነቅለው ጥግ ላይ ተደገፉ። ድስቱም ሰፌዱም ቢጣል ይተካል። ጉልቻው የተጣለበት ቤት ግን ፈረሰ ነው የሚባለው። ያንን በገዛ እጇ ልታደርገው ነው?

"እትዬ ድንቄ፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው? ልትሰደድ ነው?"

ማሚቱ ናት። የእንሰት ቅጠል ጭነቷን አውርዳ በሩ ላይ ቆማለች። ከገበያ በፊትም ከገበያ በኋላም ድንቅነሽ ቤት ሳትደርስ የማትሄድ፣ ቆጮ የምትሸጥ የጌዴኦ ሴት ናት። ድንቅነሽ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻት። ማሚቱ አንዱን የታች ሣጥን ከፍታ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች።

"ይሄ ድስት ለምን ባዶ ሆዱን ተቀመጠ? ቆጮ ጉድጓድ ሲገባ እንዲህ ነው እንዴ? አየር ካገኘች ትበላሻለች። ረግጠሽ ረግጠሽ ነው። ባዶ ቦታ አይተውም።"

ድንቅነሽ ለመናደድ ምንም አልቀራትም ነበር። ቆይታ ስታስበው ግን እውነት ነው፤ እሷ ዕቃውን ስትደረድር የኖረችው ለዓይን እንዲያምር እንጂ ቦታ እንዲቆጥብ አይደለም። ሁለቱም ነጠላቸውን አሸርጠው ገቡበት። ትንሹን ድስት በመካከለኛው፣ መካከለኛውን በትልቁ ከተቱ። ሙቀጫው ሆድ ውስጥ የበርበሬው ቅል፣ ገበቴው ውስጥ የሽሮው፣ አገልግሉ ውስጥ የቅመሙ ቋጠሮ ገባ። ክዳኖቹን ከመደራረብ ይልቅ እንደ አጥር እንጨት ጎን ለጎን አቆሟቸው። ሰፌዱንና ወንፊቱን ከሣጥኑ በር ጀርባ በቃጫ ገመድ አንጠለጠሏቸው፤ ግድግዳ ላይ አይደለም፣ ትእዛዝ አልተጣሰም። የመሳቢያውን ሆድ በቀርከሃ ስንጥር ከፋፈሉና ማንኪያውን ለብቻ፣ ቢላዋውን ለብቻ አስተኙት። ማሚቱ ደግሞ ወልዱ ለጌጥ ብሎ ከሣጥኖቹ እግር ሥር የመታትን ጣውላ በጣቷ አንኳኳቻት። ድምፁ ባዶ ነበር። ጣውላዋን ሲያነሷት ክንድ የሚያስገባ ቦታ ተገኘ፤ ዘነዘናው፣ መጥበሻዎቹና የካፒቴኑ የዳቦ ቆርቆሮዎች ተንሸራተው ገቡና ጣውላዋ ተመለሰች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደጅ የቀሩት ሦስቱ ጉልቻዎች ብቻ ሆኑ። በሣጥኖቹ ውስጥ ግን መርፌ የምታስገባ ቦታ አልነበረችም። ድንቅነሽ አንዱን ድንጋይ ታቅፋ ከሣጥን ሣጥን ዞረች። ከዚያ አስቀመጠችውና እንባዋ መጣ፤ ከኀዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር ያስለቀሳት።

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ዘመዶቿ ዘንድ ላስቀመጠችው ልጇ የክርስትና አባት ናቸው፤ ከዘመቻው በፊት ከግዛቸው ጋር አንድ ማዕድ የሚቆርሱ ሰው ነበሩ። አሁን የጣሊያን ቋንቋ ማወቃቸው እንጀራም ስድብም አምጥቶላቸዋል። ካፒቴኑ መንገድ ላይ ነው፣ ከመድረሱ በፊት ልይልሽ ብዬ ነው አሏት። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈቱና አደነቁ። ጉልቻዎቹን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"አበልጄ፣ እነዚህን ለእኔ ተይልኝ። በእጄ አውጥቼ ከአጥር ማዶ አስቀምጣቸዋለሁ። ባለፈው አንዱን ትእዛዝ አልሰማህም ብሎ ገበያ መሀል እንዴት እንዳስገረፈው አይተሻል። ድንጋይ ምን ጊዜም ድንጋይ ነው።"

"ግዛቸው ሲመለስ እንደዚያ ይበሉታ።"

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ። "ከተመለሰ" አሉ ቀስ ብለው።

"መርዶ ይዘው መጥተው ከሆነ ይንገሩኝና ልቀመጥ። ካልያዙ ከተመለሰ አይበሉኝ።"

ፊቷን አዙራ ሣጥኖቹን ታያቸው ጀመር። ከሁሉ የሚሰፋው፣ መሀል ላይ ያለው ሣጥን፣ የካፒቴኑን የሸክላ ሰሃኖች ይዟል፤ ከአገሩ በጭድ ታሽገው የመጡ፣ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ፣ ለአለቆች ራት ካልሆነ የማይወጡ ናቸው። ጧትም፣ ከማሚቱ ጋር እንደገና ሲጀምሩም፣ ቀድማ ያስገባችው እነሱን ነበር። ማንም አላዘዛትም። እጇ ነው የለመደው፤ እናቷ ያሳደገቻት እንግዳ ይቅደም ብላ ነው፣ ለእንግዳ ሰፊው መደብ፣ ለእንግዳ ጥሩው ሥጋ። እንግዳ ግን ያንኳኳል፣ ያድራል፣ መርቆ ይሄዳል። ይሄ በሩን ሰብሮ ገብቶ ባለቤቷን ውጪ የሚል ሰው ማን እንግዳ አደረገው? እሷ ናት፣ በገዛ እጇ፣ ያውም ደጋግማ። በራሷ አፈረች፤ ከማፈሯ ደግሞ አንዳች ድፍረት መጣላት።

"አበልጅ፣ ትእዛዙን እስቲ ይድገሙልኝ። እንዳለው አድርገው።"

"ሣጥኑ ያልያዘው ዕቃ ሁሉ ከግቢው ይውጣ ነው ያለው።"

"የማን ዕቃ ብሏል?"

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ አሰቡ። "የማን እንደሆነ አልተናገረም" አሉና፣ ነገሩ ገና አሁን ገብቷቸው ደነገጡ። "ድንቅነሽ፣ ተይ። ያስገርፍሻል። እኔንም አብሮ።"

"እርስዎ አላዩም፣ አልሰሙም። ይሂዱ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጉልቻ አውጥቶ ጥሎ ወጥ የሚሠራ ግን አላየሁም።"

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ እግራቸው ወደ በሩ ወሰዳቸው፤ ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው መጡና ቆባቸውን አውልቀው፣ ከሦስቱ ድንጋዮች ትልቁን አንስተው ሣጥኑ አጠገብ አቀረቡላት። ከዚያ ቆባቸውን ደፍተው ሄዱ።

ድንቅነሽ ሰሃኖቹን ማውጣት ጀመረች። አልወረወረችም፣ አንዱንም አልሰነጠቀችም፤ የሰው ዕቃ ነው፣ ሰባሪ እንዲሏት አትፈልግም። ማሚቱ ሳትጠየቅ ጭነቷን ፈታች። ሰሃኖቹን በእንሰት ቅጠል እየለዩ ጠቀለሏቸው፣ በቃጫ አሰሯቸው፣ ከውጭው በር ማዶ፣ መንገዱ ዳር ባለው ሣር ላይ ደረደሯቸው። ለገበያ የተዘጋጀ ቆጮ ይመስሉ ነበር፤ ማሚቱ ይህን አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ጉልቻዎቹ ገቡ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ ከኋላ፣ ልክ እሳት ዙሪያ እንደሚቀመጡት። በመካከላቸው በቀረው ቦታ ላይ ትልቁን ድስቷን ጣደችና በሩን ዘጋችው። በሩ ሳይንቋቋ ገጠመ። ወለሉ ባዶ፣ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ካፒቴኑ እንዳዘዘው።

የመኪና ድምፅ ከይርጋ ጨፌ መንገድ ተሰማ። ማሚቱ ክንዷን ያዘቻት።

"በጓሮ እንሂድ። እኔ ቤት ታድሪያለሽ፣ እትዬ። ማንም አያገኝሽም።"

ድንቅነሽ ፈርታለች፤ ግን አልሄደችም። ማሚቱን በጓሮ በኩል ሸኘቻትና ብቻዋን ተመለሰች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሁሉም እንደ ቦታው መሆኑን ለማየት መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበች። በመጨረሻው መሳቢያ፣ ከሹካዎቹ ጀርባ፣ ጠርዟ ወርቅ የተቀባ አንዲት ትንሽ ሲኒ ተረስታ ቀርታለች። ለሲኒዋ የሚሆን ቦታ ነበር፤ ብትቀርም ማንንም አታጣብብም።

መኪናው ኩርባውን ሲዞር መብራቱ አጥሩን ጠረገው። ድንቅነሽ ሲኒዋን አነሳች፣ በቅጠል ጠቀለለቻት፣ ወደ ውጭው በር ወጥታ ከሰሃኖቹ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከዚያ ተመልሳ በሯ ላይ ቆመች።