የጥበቃ ትእዛዝ፦ ያላለቀ ንጽጽር

፩

ኦስትሪያ። ፖሊስ የሚማታን ባል ከገዛ ቤቱ ያስወጣዋል። ሴቲቱ ትቀራለች፤ እሱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።

ስርጉት ይህን ጽፋ ለብቻዋ ሳቀች። ሕጉ ውስጥ ሻንጣ የሚባል ነገር የለም። ደስ ስላላት ጨምራው ነው።

፪

ደቡብ አፍሪካ። ፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ይሰጣል። ባል ትእዛዙን ከጣሰ ይታሰራል።

ኬንያ። እሷም የጥበቃ ትእዛዝ አላት።

፫

ኢትዮጵያ።



(ባዶው ቦታ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። ሚስቱን የደበደበ በወንጀል ሕጋችን ይቀጣል፤ ከደበደበ በኋላ። ሳይደበድብ ከደጇ የሚያግደውን ትእዛዝ ግን ስርጉት ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። አንባቢ ካገኘ ይጻፍላት።)

፬

ስርጉት ደሴ ውስጥ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር የምትሰጥ ወጣት ጠበቃ ናት። ንጽጽሩን የምታዘጋጀው ለምትሠራበት ማኅበር ስብሰባ ነው። ወይዘሮ እታገኝ ስትገባ ከዚሁ ወረቀት ላይ ቀና አለች።

የእታገኝ ግራ ዓይን አብጦ ተከድኗል። ሽማግሌ በገባ ቁጥር ከባሏ ከአሰግድ ታርቃለች። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» አሏት። «ገመናሽን ሸፍኚ» አሏት። ሸፈነች፤ በነጠላዋ፣ እስከ ዓይኗ ድረስ።

፭

«ሕግ የለም ወይ ልጄ?»

«ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ጥበቃ ይሰጥዎት ነበር፣ እትዬ።»

«ጥበቃ?»

«አዎ። እኛም እንዲሰጠን አመልክተናል። እስከዚያ እህትዎ ዘንድ ይቆዩ። አብሽሩ።»

እታገኝ አለቀሰች። «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብላ መርቃት ወጣች።

ስርጉት «እኛም» ስትል አገሩን ሁሉ ማለቷ ነበር። ማኅበሯ ሕጉ እንዲወጣ ለመንግሥት አመልክቷል፤ መልስ የለም።

፮ (የግርጌ ማስታወሻ)

ጥበቃ፦ በሕግ ቋንቋ፣ ሰውን ከጉዳት መከለል። በሰፈር ቋንቋ፣ ባንክ በር ላይ ዱላ ይዞ የሚቆም ሰውዬ።

ስርጉት ሕግ ስትማር ሁለተኛውን ረስታዋለች።

፯ (ስልክ፣ በዚያው ሳምንት፣ ከምሳ በፊት)

እታገኝ፦ ልጄ፣ ከእህቴ ዘንድ ተመልሻለሁ።

ስርጉት፦ ምነው እትዬ? ለምን?

እታገኝ፦ ጥበቃው ሲመጣ ቤቴ እንዳያጣኝ ብዬ ነዋ።

ስርጉት፦ የቱ ጥበቃ?

እታገኝ፦ ያመለከታችሁልኝ። ለአሰግድም ነግሬዋለሁ። ካሁን ወዲያ በሬ ላይ ሰው ይቆምልኛል አልኩት።

ስርጉት፦ ምን አለ?

እታገኝ፦ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «እስቲ እናያለን» ብሎ ወጣ።

፰

ስርጉት የእታገኝን ስልክ ሳትዘጋ በቢሮው ስልክ ፖሊስ ጣቢያ ደወለች።

ይጠራል።

ይጠራል።

በራሷ አፈረች፤ ፈራች።

፱ (ያው የእታገኝ ስልክ)

እታገኝ፦ ቆይ። በር እየተንኳኳ ነው።

ስርጉት፦ እትዬ፣ እንዳይከፍቱ።

እታገኝ፦ ኧረ አሰግድ አይደለም። እሱ በርግዶ ነው የሚገባው። ይኸኛው ቀስ ብሎ ነው የሚያንኳኳው። ጥበቃው ነው፣ መጣልኝ።

ስርጉት፦ አይክፈቱ። ስለ እግዜር፣ አይክፈቱ። ማንም አልተላከም።

እታገኝ፦ ማንም?

ስርጉት፦ ማንም።

እታገኝ፦ የኔ ጥበቃ ታዲያ ማነው?

ስርጉት፦