የቬንትሌተሩ ማብሪያ

የአብዱላሂ የሠርግ መኪና ሚኤሶ ላይ ውሃ አፈላች። ኤሌክትሪሺያኑ እኔ ነኝ፤ የሚያስተምረኝ ግን ሚዜው ሁሉ ነው። "ዞር በሉልኝ!" ብዬ ጮህኩ። የራዲያተሩን ቬንትሌተር በቀጥታ ከባትሪው ጋር ሳገናኘው ተሽከረከረ። የሞተው፣ ሙቀት ሲጨምር የሚያስነሳው ማብሪያ ነበር። ከሻይ ቤት ግድግዳ የመብራት ማብሪያ አስነቅዬ፣ ሽቦ ስቤ ለሙሽራው ሰጠሁት። "የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩ ጋ ሲደርስ አብራ!"

የአሰበ ተፈሪን ዳገት ስንያያዘው አብዱላሂ መርፌውን ትቶ ሙሽሪትን መይሙናን ያያል። እሷ በወጉ መሠረት ተሸፋፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ ትንፍሽ ሳትል ተቀምጣለች።

ድንገት ከሻሹ ሥር፣ "ቀዩ ጋ ደረሰ'ኮ፣ አብራው እንጂ!" የሚል ድምፅ ወጣ።

ሁላችንም በሳቅ ፍርስ አልን። አብዱላሂ ማብሪያውን አስረከባት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰችለትም።