በእንግዶች ምሰሶ ሥር

በዋና ከተማችን በታራዋ ያለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ምርጫ ብቻ ነው የሚቀበለው። ዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይም የመንግሥት አስተዳደር፤ እስከ ዓርብ ማታ። ከሬዲዮና ሚሲዮናውያኑ ጥለዋቸው ከሄዷቸው መጻሕፍት ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለቱንም እችላለሁ። የከበደኝ አንዱን መተው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት መንደሩ በትልቁ የሸንጎ ቤት፣ በማኔአባው፣ ስለ ጉድጓዱ ሊመክር ተሰበሰበ። ውሃችን ጨው ጨው ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። እኔ ግን በባሕሩ ዳር እየመጣሁ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የአገሮች ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች፣ ከአገሬ ከኪሪባስ ሰሌዳ ኋላ እኔ። ጎንበስ ብዬ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ገባሁ። ብርሃኑ በክዳኑ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ምንጣፉ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል። ተቀመጥኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቀና ስል፣ ያለሁት በአባቶቼ ምሰሶ ሥር ሳይሆን በእንግዶች ምሰሶ ሥር ነው።

በማኔአባ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ምሰሶ አለው፤ ሰው ማለት መቀመጫው ነው። በእንግዳ ቦታ የተቀመጠ፣ እንግዳ ነው።

«ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ደንባራ» አለች የአጎቴ ልጅ ሮቲያ ከኋላ።

ብነሳ እስከ ልጅ ልጄ ይሳቅብኛል። አልተነሳሁም።

አያቴ ካቡታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዳችን፣ እንኳን ደህና መጡ። ከወዴት ነዎት?»

«ከሩቅ ነኝ።»

«እዚህስ ዘመድ አለዎት?»

«ጆሮው የከበደ አንድ ሽማግሌ አለኝ ይባላል።»

የሽማግሌዎቹ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። የአያቴ ፊት ግን ንቅንቅ አላለም። «ምስኪን። ያደነቆረው የእርስዎ ምላስ ይሆናል።»

ኮኮነት ተከፈተልኝ፤ የዓሣው ምርጥ ሥጋ ቀረበልኝ። የማውቃቸው ፊቶች ከጀልባ ላይ እንደሚታይ ዳርቻ ሆነው ራቁኝ፤ ያማሩ፣ የደበዘዙ፣ የማንም ያልሆኑ። ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ ጠረጴዛውም ሰሌዳውም ወደ እኔ የመጡበት።

«አባቶቼ፣ ይህ ውሃ ለምን ጨው ጨው ይላል?» አልኩ።

ከራሴ ቦታ ሆኜ ብጠይቅ ዝም በይ ነበር መልሱ። ለእንግዳ ግን ውሸት አይነገርም። ሽማግሌው ቴብዌ መሬት መሬት እያየ፣ «የባሕሩን መከላከያ ድንጋይ እያነሳን ቤታችንን ስለሠራንበት፣ ባሕሩ ጉድጓዱ ውስጥ እየገባ ነው» አለ። ይህን ቃል በአደባባይ ሰምቼው አላውቅም። ልቤ ክንፍ አወጣ። እንግዳ እውነት የሚነገረው ከሆነ፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የእኔ ነው አልኩ።

ወዲያው አያቴ፣ «እንግዳችን ደክሞዎታል፤ ትንሽ ይረፉ» አለ። በክብር ወጣሁ። ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎልኛል። ቅጠሉ ይወዛወዛል፤ ነፋሱ ለብ ያለ ነው፤ ከውስጥ ድምፅ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም፤ እንደ ባሕር። ድንጋዩ በየት በኩል ቀድሞ መመለስ እንዳለበት አውቃለሁ። እንግዳ ግን አመስግኖ ይተኛል እንጂ ነገር አይቆርጥም። እንዲህ ያለ ለስላሳ ምንጣፍ እንዲህ ጎርብጦኝ አያውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያቴ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«እና ታቢታ፣ የትኛው?»

«አስተዳደር።»

«እንግድነት አምሮብሽ ነበር እኮ።»

«እውነቱን ነገራችሁኝና አስወጣችሁኝ።»

«ታዲያ እንግዳ ሌላ ምን ይደረጋል?»

«ነገር ሲቆረጥ ውስጥ መሆን እፈልጋለሁ፣ አባባ።»

ጢሙን አሻሸ። «ድንጋዩን መመለስ ከእኛ ቤት ይጀመር ተብሏል።»

«እኛም ወስደናል?»

«ከምትተኚበት ሥር ነው ያለው።»

ምርጫዬን በስልኬ ላክሁና ጎንበስ ብዬ ተመልሼ ገባሁ፤ በአባቶቼ ምሰሶ ሥር ተቀመጥኩ።

«ድንጋዩ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል...» ብዬ ስጀምር ቴብዌ እጁን አነሳ።

«አንቺ ልጅ፣ ተራሽን ጠብቂ።»

ጠበቅሁ።