የጉድጓዱ ሠላሳ ሜትር

"እዚህ ግቢ ፀሐይ አለች ተብዬ ነው የመጣሁት" አለች ልጅቱ፣ በሩ ገና ገርበብ ሳይል። "ፈቃድ አላት?"

ጋሽ ገብረየሱስ የበሩን መወርወሪያ እንደያዙ ቆሙ። "አለች፣ ጓዳ ናት። የምን ፈቃድ?"

"መቼ ነው ያስገቧት?"

"በሰባ ዘጠኝ፣ በዳግማይ ትንሣኤ።"

ልጅቱ ታብሌቷ ላይ ልትጽፍ ብላ ተወችው። "በሰባ ዘጠኝ? ስንት ዋት ናት?"

ሚስታቸው እትዬ ፀሐይቱ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ከጓዳ ብቅ አሉ። ሳቃቸው ቀድሟቸዋል። "ጣሪያ ላይ ያለችውን እኮ ነው የምትጠይቅህ፣ አንተ ሰውዬ! የኔ ዋትማ ካለቀ ቆየ።"

ልጅቱ ዲንቄ ትባላለች፤ ከወረዳ ነው የመጣችው። ሶላር የሰቀለና ጉድጓድ ያለው ሁሉ በአዲሱ መመሪያ ይመዝገብ ተብሏል። ጋሽ ገብረየሱስ ደግሞ ሁለቱም አላቸው። ልጃቸው ገዝታ ጣሪያ ላይ ያሰቀለችው ሶላር ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ከአባታቸው ጉድጓድ ውሃ ይስባል።

ጉድጓዱ የተቆፈረው የአብነት ሰፈር ሰው ቦኖ ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ዘመን ነው። ቧንቧው ጭጭ ያለ ለት ሰፈሩ ጀሪካኑን እዚህ ግቢ ይደረድር ነበር። አባትየው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ወረፋ ያስከብራሉ፤ መጀመሪያ አራስ ያለችበት ቤት፣ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ ከዚያ የቀረው። በረመዳን ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የጎረቤታቸውን የነጅማን እንስራ የሚቀድም አልነበረም። ማፍጠሪያዋ እንዳያልፍባት ገመዱን የሚስቡላት ራሳቸው ነበሩ። ያ ሁሉ ባለጀሪካን ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ከዚያ ዘመን ሰው የቀሩት ጋሽ ገብረየሱስና አጥር የሚጋሯቸው የነጅማ ልጅ ጋሽ ጀይላን ናቸው። ጋሽ ጀይላን እዚያው አጥሩ ጥግ የመኪና ባትሪ ይጠግናሉ።

ዲንቄ ሜትሯን ከጉድጓዱ አፍ እስከ ጋሽ ጀይላን ባትሪ ቤት ዘረጋችው። "አሥራ ዘጠኝ" አለችና ፊቷ ጠቆር አለ። "አባባ፣ ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውሃው ለመጠጥ ነው ወይስ ለእጥበት? ለመጠጥ ካሉ በሠላሳ ሜትር ውስጥ ባትሪ አይቀመጥም፣ አሲድ አይነካም፤ ያ ሱቅ ይነሳል። ለእጥበት ካሉ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ክዳኑ ላይ ግን በቀይ ቀለም 'አይጠጣም' ተብሎ ይጻፋል።"

"ፀሐይዋስ?"

"እሷን ጣሪያው ከቻላት ትመዘገባለች። ለመጠጥ ካሉ ግን የእሷም ባትሪ ይወጣል።"

ጋሽ ጀይላን ስለ ሱቃቸው ሲወራ ሰምተው ኖሮ እጃቸውን በቡቱቶ እየጠረጉ ገቡ። ነገሩን ሰሙና "ለእጥበት በልና ገላግለን" አሉ። "በዚህ ዕድሜዬ ሱቅ ተሸክሜ የት ልሂድ?"

"በአባቴ ጉድጓድ ላይ 'አይጠጣም' ይጻፍ?" ጋሽ ገብረየሱስ በየጠዋቱ ከዚያ ውሃ አንድ ኩባያ ሳይጠጡ ከግቢ አይወጡም። ኩባያውን ሞልተው ዘረጉላቸው። "እስቲ ቅመስና አንተው ፍረድ። ማር አይደለም?"

ጋሽ ጀይላን ኩባያውን ተቀበሉ። ግን አልጠጡም።

"ምነው?"

"አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት።"

ከጋዋናቸው ኪስ የታሸገ ውሃ አንገቱን አውጥቶ ይታያል።

"ጀይላን!"

"ባትሪ ያጠብኩበትን የት የምደፋው ይመስልሃል? ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያችው አጥር ሥር ነው።"

"እኔ በየጠዋቱ ስጠጣ እያየህ?"

"ሦስቴ ነግሬሃለሁ። 'የአባቴን ውሃ ስም አታጥፋ' ብለህ ሁለት ሳምንት አኮረፍከኝ። እኔስ ከዚያ ወዲያ ምን ልበል?"

እትዬ ፀሐይቱ "እውነቱን ነው" አሉ፤ "እኔም የጠጣሁ መስዬህ አበባ ላይ ስደፋው ነው የኖርኩት።"

ጋሽ ገብረየሱስ አበባዎቹን አዩ። ሁለቱ ደርቀዋል። ኩባያውን ከጋሽ ጀይላን እጅ ወስደው ውሃውን ደፉትና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ያው የአባታቸው በርጩማ ነው።

ቆይተው ተነሱና ከቁልፎቻቸው መካከል አንዷን ፈለቀቁ፤ የበሩ ዳር ክፍል ቁልፍ ናት። የአባታቸው ዶማ፣ ገመድና መዘውር እዚያ ተቆልፎባቸዋል። ስንት ተከራይ ለምኗቸው "እቃ አለበት" ብለው መልሰዋል።

"እስከ በሩ ዳር ክፍልስ ስንት ይሆናል፣ ልጄ?"

ዲንቄ ለካች። "ሠላሳ አራት።"

"በሩ ወደ መንገድ ነው፤ ደንበኛም አይጠፋበትም" አሉና ቁልፏን ለጋሽ ጀይላን ወረወሩላቸው። "የፀሐይዋንም ባትሪ ይዘህልኝ ውጣ። የምታጥብበትን ደግሞ በበርሜል ታጠራቅማለህ እንጂ መሬት ጠብ አይልም።" ወደ ዲንቄ ዞሩ። "ለመጠጥ ብለሽ ጻፊ።"

"ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ግን እርስዎም እንዳይጠጡ።"

"አልጠጣም። ውጤቱ ደህና የመጣ ለት ግን" አሉ ጣታቸውን ወደ ጋሽ ጀይላን ቀስረው፣ "የመጀመሪያዋን ኩባያ የምትጠጣው አንተ ነህ!"

ጋሽ ጀይላን ቁልፏን ከታሸገው ውሃ አጠገብ ኪሳቸው ከተቷት።

"አንተ ቅደም እንጂ፤ ለምደኸዋል።"