በየብርጓል ስም የሚከፈተው መድኃኒት ቤት

የብርጓል ደብረ ማርቆስ ላይ በፋርማሲ ተመርቃ የሙያ ፈቃዷን ካወጣች በኋላ ሥራ ፍለጋ ብዙ ደጅ ጠናች። አንዱ ጋ ልምድ ይጠይቋታል፣ ሌላው ጋ ቅጥር ቆሟል ይሏታል። ጉንደ ወይን የሚኖረው አጎቷ አምሳሉ ደውሎ «መድኃኒት ቤት ልከፍት ነውና ነይ» ሲላት ልብሷን በቦርሳ አጭቃ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈረች።

አምሳሉ እህል ነጋዴ ነው። የብርጓል አባቷ ከሞተ ወዲህ ያደገችው እሱ ቤት ነው፤ ያስተማራትም እሱ። እናቷ የወንድሟን ስም ያለ ምርቃት ጠርታው አታውቅም።

ቤቱ አስፋልቱ ዳር ነበር። ኮርኒሱ ተመትቷል፣ መደርደሪያው ተቀብቷል፣ ማቀዝቀዣው ገብቷል። የቀረው ፈቃዱ ብቻ ነበር። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ ከጤና ጽሕፈት ቤት የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ የፋርማሲ ባለሙያ።

«ነገ ለቁጥጥር ይመጣሉ» አላት አምሳሉ እንደ ደረሰች። «ጋውንሽን ለብሰሽ ትቆሚያለሽ፣ የጠየቁሽን ትመልሻለሽ። ፈቃዱ ሲወጣ ወረቀትሽ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ አንቺ ወደ እናትሽ ትመለሻለሽ። በየወሩ የድርሻሽን እልክልሻለሁ።»

የብርጓል የሰማችውን ማመን አቃታት። «ታዲያ ማን ሊሸጥ ነው?»

«መሳፍንት አለ አይደል።»

መሳፍንት የአምሳሉ ልጅ ባል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚሠራው እህል መጋዘኑ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ፣ መሳፍንት እኮ መድኃኒት አያውቅም።»

«ይለምደዋል። ሌላውም የሚሠራው እንዲሁ ነው።»

«እኔው እዚሁ ብሠራስ?»

«መጋዘኑ ተቀዛቅዟል። መሳፍንት ልጆች አሉት፣ እሱን የት ላድርገው?» አለና ተነሣ። የብርጓል እሱ ቤት በልታ አድጋ፣ ለአንድ ነገር ቢፈልጋት እምቢ ማለት እንዴት እንደሚጀመር አላወቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን መደርደሪያውን ስታስተካክል ከማቀዝቀዣው ኋላ የተከፈቱ ካርቶኖች አገኘች። ገና ፈቃድ ያልወጣለት ቤት ውስጥ መድኃኒት መግባቱ ራሱ አስደነገጣት። ከየካርቶኑም የጎደለ አለ። እሱን እያየች ሳለ አንዲት አሮጊት ሆዳቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«መሳፍንት የለም ወይ ልጄ? የሰጠኝ ክኒን ሆዴን አቃጠለኝ።»

ሥራነሽ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከጓሮ ነው። የብርጓል ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ሁለት ዓይነት ክኒን ፈትተው አሳዩአት። ማሸጊያቸው ይለያያል፣ በላዩ የታተመውም የንግድ ስም የተለያየ ነው፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት ግን አንድ ነው። ሕመም ያስታግሳል፣ ሲበዛ ደግሞ ጨጓራ ያደማል።

«ሁለቱንም ነው የሚወስዱት?»

«ጧትም ማታም። አንዱ ለጉልበት፣ አንዱ ለወገብ ነው ብሎኝ።»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰገራዎ ጠቁሯል?»

ሥራነሽ አንገታቸውን ደፉ። «ከትናንት ጀምሮ።»

ጥቁር ሰገራ የሚደማ ጨጓራ ምልክት መሆኑን የብርጓል ታውቃለች። ባጃጅ አስቁማ ደግፋ አሳፈረቻቸው፤ ክኒኖቹን በእጃቸው አስያዘቻቸውና ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አስቀድመው እንዲያሳዩ ነገረቻቸው። ዘወር ስትል መሳፍንት ከኋላዋ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጎረቤት ናቸው» አለ። «አመመኝ ሲሉኝ ጊዜ አዝኜ ነው። ገንዘብ እንኳ አልተቀበልኳቸውም።»

በዚህ መሐል የጤና ጽሕፈት ቤቱ መኪና በሩ ላይ ቆመ። አምሳሉ ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ «ጋውንሽን» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። ካርቶኖቹን በእግሩ ወደ ጥጉ ገፋቸው።

ከመኪናው የወረደችው ፈውዚያ የምትባል የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ናት። ሻሿን አስተካክላ፣ ሰላምታ ሰጥታ ሥራዋን ጀመረች። ኮርኒሱን አየች፣ የማቀዝቀዣውን ሙቀት መለኪያ አየች፣ የብርጓልን የሙያ ፈቃድ ተቀብላ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየች። አምሳሉ ከጎኗ አልተለየም፤ ሻይ ይምጣ፣ ወንበር ይምጣ ይላል። ፈውዚያ አመስግና ወደ ጥጉ ሄደች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባዶ ካርቶን ነው» አለ አምሳሉ።

ፈውዚያ ጎንበስ ብላ ገለጠችው። ከዚያ ቀና ብላ አምሳሉን ሳይሆን የብርጓልን አየቻት። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ከዚህ መድኃኒት ለሰው ተሰጥቷል?»

የብርጓል የአጎቷ ዓይን ፊቷ ላይ ሲያርፍ ተሰማት። አላውቅም ብትል ማንም አይከሳት ይሆናል። ባጃጁ ግን ገና ጤና ጣቢያ አልደረሰም።

«ተሰጥቷል» አለች። «እኔ ሳልመጣ፣ ለጎረቤት። ሴትዮዋ ጨጓራቸው እየደማ ይመስለኛል፤ አሁን ጤና ጣቢያ ልኬያቸዋለሁ። ቢደወልላቸው ጥሩ ነው።»

ፈውዚያ ስልኳን አውጥታ ወዲያው ደወለች፤ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ለጤና ጣቢያው አስረዳች። ዘግታ ካርቶኖቹን አስጫነች።

«ፈቃዱ ዛሬ አይሰጥም። በጥፋቱም ትጠየቃላችሁ» አለች። ወደ የብርጓል ዞር ብላ ጠየቀች፦ «ወደፊት ሲከፈት እዚህ የምትሠሪው አንቺ ነሽ ወይስ ወረቀትሽ?»

«እኔ ነኝ። ካልሆንኩ ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ።»

መኪናው ሲሄድ አምሳሉ አልጮኸም። «ያሳደግሁሽ ለዚህ ነው?» ብቻ ብሏት ወጣ። እናቷ ተነግሯት ኖሮ ከሰዓት በኋላ ደወለች፤ ይቅርታ ጠይቂው ብላ አለቀሰች። የብርጓል አብራት አለቀሰች እንጂ እሺ አላለቻትም።

ሥራነሽ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተልከው ደም ተሰጣቸው። አምሳሉ ሊጠይቃቸው ሄዶ ሲመለስ የብርጓል ቦርሳዋን አዘጋጅታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳያያት አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ሴትዮዋ ትንሽ ቢዘገዩ አይተርፉም ነበር አሉኝ።» ቀጥሎም፦ «መሳፍንት እንቅልፍ አጥቷል። ወደ መጋዘኑ ተመለስ ብዬዋለሁ» አለ።

«አንተስ ጋሼ፣ ተቀይመኸኛል?»

«ተቀይሜያለሁ» አለ። «ቅያሜው ሲወጣልኝ እነግርሻለሁ። እስከዚያው ቦርሳሽን አስገቢ።»

አምሳሉ ተቀጣ። ቤቱ እንደገና ታይቶ ፈቃዱ የወጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በተከፈተ በሁለተኛው ቀን አንድ ገበሬ ከአምሳሉ ጋር ሲያወራ ቆይቶ ለልጁ ሳል ምን ይሻላል ብሎ ጠየቀው። አምሳሉ ወደ የብርጓል በአገጩ አመለከተ።

«እኔ እህል ነው የማውቀው፤ እሷን ጠይቅ» አለው።