ታጥቦ የቆሸሸው ወንበር

መካኒኩ የአማቱን የመኪና ቁልፍ በሁለት እጁ ነው የተቀበለው። ልጃቸውን ካገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በነዚህ ዓመታት የዚያችን አሮጌ መኪና ሞተር ስንት ጊዜ አውርዶ እንደሠራ ራሱም አያስታውሰውም፤ መሪዋን ግን አንድ ቀን አስይዘውት አያውቁም። ሠርቶ ሲጨርስ አማቱ ራሳቸው ጋራዥ ድረስ መጥተው ይወስዷታል።

«ክፋት የለኝም» ይላሉ፣ ለምን ተብለው ሲጠየቁ። «አንተ ዘይት ነህ፣ ወንበሩ ጨርቅ ነው።»

ጨርቁን የሰፉት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮትና ሱሪ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የመኪናዋንም የወንበር ፎደራ ከግራጫ ሱፍ ቆርጠው፣ ለሙሽራ እንደሚሰፋ ኮት አድርገው ነው ያለበሷት። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ለኦፕሬሽን ሆስፒታል የሚያደርሳቸው ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ ቁልፉን በመካኒኩ መዳፍ ላይ እያመነቱ አስቀመጡለት።

«መንዳት ብቻ» አሉት። «ሌላ ነገር እንዳትነካ። ነገ አሥር ሰዓት ላይ መጥተህ ትወስደኛለህ።»

እሱ ግን ነካ። ዓይናቸው ሲበራ መጀመሪያ የሚያዩት ነገር የጸዳ ወንበር ቢሆን፣ ምናልባት «አንተ ዘይት ነህ» የሚለው ነገር ይቀራል ብሎ አሰበ። አድርሷቸው እንደተመለሰ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቆመ፤ የውሃ ጎማውን ከቧንቧ ጋር አገናኝቶ፣ አረፋ ደፍቶበት፣ ወንበሮቹን ሞተር እንደሚያጥብ አጠባቸው። በሮቹን ከፍቶ በፀሐይ ተዋቸው።

ጠዋት ሲያይ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር መሐል መዳፍ የሚያክል የዘይት እድፍ ተጋድሟል።

መጀመሪያ እጁን አየ፤ ንጹሕ ነው። ዞር ብሎ የሱሪውን መቀመጫ አየ፤ እሱም ንጹሕ ነው። ሚስቱ በሩ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች።

«ራስህን ፍለጋ ነው?»

«ነይ እስቲ እይልኝ። ትናንት ይሄ ነገር ነበር?»

ጎንበስ ብላ አየች። «ተቀመጥክበት እንዴ?»

«ላስቲክ አንጥፌ ነው የነዳሁት! ደግሞ ይሄ የሾፌር ወንበር አይደለም።»

«እና ማን ተቀመጠበት?»

«ከታጠበ ወዲህ ማንም።»

«እንግዲህ ማንም መጥቶ እስኪያብራራ ድረስ አባባ አንተን ነው የሚያውቁት» አለችና ገባች። ትንሽ ቆይታ ብቅ አለች። «አደራህን፣ ብቻ አጽዳው። ከዚህ በኋላ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት መስማት አልችልም።»

መኪናዋን ወደ ጋራዡ ወሰዳት። እዚያ መኪና የሚቀባ ጓደኛ አለው፤ ያልተጠየቀውንም ስለሚመልስ ፕሮፌሰር ይሉታል። ፕሮፌሰሩ ወንበሩን እንደ በሽተኛ አየውና ምላሱን ጠጠጠ አደረገ።

«ቤንዚን እንዳታስነካው ብቻ! ያንተን ጠባይ አውቃለሁ። ፓውደር አምጣ፣ የሕፃን ፓውደር። በደንብ ነስንስበትና ተወው፤ ዘይቱን ይመጥጥልሃል። ከዚያ አራግፈህ፣ የሳህን ፈሳሽ ሳሙና በለብ ያለ ውሃ። ጠብታ ነው ያልኩህ፣ ጀሪካን አይደለም። ከዳር ወደ መሐል። አትፈግፍግ፤ በነጭ ጨርቅ ጫን ጫን።»

መካኒኩ እንደተባለው አደረገ። ከጠብታው ላይ ግን ጨመር አደረገ፤ ምክንያቱም በሱ ሙያ ያልፈሰሰ ነገር የታጠበ አይመስልም። እድፉ ጠፋ። ሁለቱም ተጨባበጡ። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ እድፉ ሳህን አክሎ ቁጭ ብሏል።

«አንተ ነካኸው?» አለ መካኒኩ።

«እኔ? ከአንተ ጋር ሻይ ስጠጣ?»

ደግመው ነሰነሱ፤ ደግመው ጫን ጫን አደረጉ። ጠፋ። ፀሐይ ሲመታው ተመለሰ። መካኒኩ ነገር ዓለሙ ዞረበት። የሚያንጠባጥብ ሞተር አንድ ቦታ አለው፤ ይፈለጋል፣ ይገኛል፣ ብሎኑ ይጠብቃል። ወንበር ከየት ነው የሚያንጠባጥበው? ቀና ብሎ የመኪናዋን ጣሪያ ሁሉ በጣቱ ዳሰሰ።

«ከላይ አይደለም» አለ ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ። «ከሥር ነው። ስፖንጁ ድሮ የጠጣው ነገር አለ። አንተ ውሃ ስታጠጣው የተኛውን ቀሰቀስከው።»

«ከሥር? እሳቸው መኪና ውስጥ ዘይት?» መካኒኩ ሳቁ መጣ። «የማይሆነውን!»

ሳቁ ግን አልዘለቀም። ወንበሩ ሥር ገብቶ የፎደራውን መያዣ ሽቦዎች አንድ በአንድ ፈታና ጨርቁን ገለጠ። በሱፉና በስፖንጁ መሐል ሌላ ጨርቅ አለ፤ አራት ጊዜ የታጠፈ ወፍራም ጥጥ፣ ዙሪያውን በእጅ የተሰፋ። ስፌቱ ከመድቀቁ የተነሳ ለማየት ዓይን ያደክማል። እንዲህ የሚሰፋ እጅ አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥጡ በዘይት ጠቁሯል። በሥሩ ያለው ስፖንጅም እንደዚያው።

ጣቱን አስነክቶ አሻሸው፣ አሸተተው። የሞተር ዘይት አይደለም። ግራሶም አይደለም። ቀጭን ነው፣ ሽታ የሌለው፤ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት።

«ምን አገኘህ?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«አላውቅም» አለ መካኒኩ፤ እውነቱን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሰማውን ሁሉ ከዚህ ጥጥ ጋር ሊያስታርቀው ሞከረ፣ አልታረቅ አለው። «ሌላ ነገር እንዳትነካ» ያሉት ስለ ሱ እጅ ነበር ወይስ ስለዚህ? ጨርቁን መልሶ ሸፈነ፤ ሽቦዎቹን አጠበቀ። ላይ ላዩን ደግሞ ፓውደሩን፣ ጠብታ ሳሙናውን፣ ደረቅ ጨርቁን። በዚህ ጊዜ ጠብታው ጠብታ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ከሚስቱ እናት ጋር ሆስፒታል ደረሰ። ሽማግሌው ፋሻው ተነስቶላቸው፣ ዓይናቸውን እያጨናበሱ ወጡ። የመኪናውን በር ከፈተላቸው። ከመቀመጣቸው በፊት፣ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው፣ መዳፋቸውን በወንበሩ ላይ አንሸራተቱ። ጣታቸው መሐሉ ላይ ቆመ። ከዚያ ሽቦዎቹ ወዳሉበት ጠርዝ ወርዶ እዚያም ቆመ።

«ምነው፣ አትቀመጥም?» አሉ ሚስታቸው ከኋላ። እጃቸውን ዘርግተው ወንበሩን ነኩ። «ውይ፣ እርጥብ ነው! አንተ ልጅ፣ ምን ደፍተህበት ነው? መኪናዬ ውስጥ ዘይት አይገባም ብሎ እኔን ሃያ ዓመት ሙሉ የማሽን ዘይት ጠርሙስ በእግሬ ያሸከመኝ ሰው ዛሬ አይለቅህም!»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ውሃ ነው» አሉ። «ሙቀት ስለሆነ እኔ ነኝ አርጥበህ አምጣ ያልኩት።»

«ወንበር?»

«ወንበር።»

ሴትየዋ ከኋላ ገብተው በመስታወቱ ውስጥ ከልጃቸው ባል ፊት መልስ ፈለጉ፤ እሱም እንደሳቸው ግራ ተጋብቶ ነበር።

ግቢ ሲደርሱ ሴትየዋ ቀድመው ገቡ። መካኒኩ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ዘረጋላቸው። ሽማግሌው አልተቀበሉትም፤ ፊት ለፊት እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ወጣልህ?»

«የቱ አባባ?»

«የታችኛው።»

ውሸት ፈልጎ አጣ። «አልወጣም።»

«ለእኔም አልወጣልኝም» አሉ ሽማግሌው። በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ዞር ብለው በአዲሱ ዓይናቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለምርመራ ታደርሰኛለህ። ላስቲክ አንጥፍ።»

መካኒኩም ቁልፉን እንደያዘ ወረደ። ምሕረት ይሁን ተግሣጽ፣ ሚስቱ ስትጠይቀው ምን እንደሚላት አልታወቀውም። ወንበሩን አየ። መሐሉ ላይ አንዲት ሳንቲም የምታክል ነገር መጥቆር ጀምራለች።