በሜሪ ቦታ የተቀመጠችው

ወይዘሮ ፈጠነች ከጉኑኖ ሶዶ ከተማ ፎቶ ቤት ድረስ ይዘው የመጡት አንድ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነበር። የልጃቸው የሜሪ ነው። ሜሪ በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ሦስት ቀን ብቻ ታማ አርፋለች። ፎቶዎቿ በሙሉ ስልኳ ውስጥ ነበሩ፤ ስልኩ ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት ሲሯሯጡ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ ቀረ። መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ውኃ ነክቶት ከአፍንጫ በታች ፊቱ ጠፍቷል።

ፎቶ አንሺዋ ወርቅውሃ ኮምፒውተር ላይ አጉልታ አየችው። የሚስተካከል አልነበረም፤ ይህንኑ አለሳልሳ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ግን ለመሄድ አልተነሡም። ቤት ታናሽ እህት እንዳለች፣ ትሕትና እንደምትባል፣ ሰው ሁሉ አንዷን ባንዷ ስም ይጠራ እንደነበር ተናገሩ።

«እሷን አንሺልኝ፣ ልጄ። ለእኔ ሜሪን ትሁንልኝ።»

እምቢ ማለት ነበረባት። ኋላ ላይ ደጋግማ ያሰበችው ይህንኑ ነው። ግን እናት ፊቷ ቆመው ሲለምኗት አፏ እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉኑኖ ሄደች። ትሕትና የእህቷን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን እንደ እህቷ ወደ ጎን ተሠርታ ጠበቀቻት። ወርቅውሃ እንሰቱ አጠገብ፣ የቤቱ ጥላ የሚያልቅበት ጋ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ብቻቸውን ሲሆኑ ፈቅዳ እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች፣ «ሜሪን ከቀበርን ጀምሮ እናቴ በቅጡ እህል አልቀመሰችም» አለች።

ችግሩ ጉንጯ ነበር። ሜሪ ፊቷ ሞላ ያለ ነበር አሉ እናት። ትሕትና ከሐዘኑ ወዲህ ከስታለች፤ ከጉንጯ አጥንት በታችና ከዓይኖቿ ሥር ጥላ ተኝቷል። ወርቅውሃ ብርሃን ፊት ላይ የሚመልሰውን፣ ተጣጥፎ የሚያዘውን ክብ ሪፍሌክተር ዘረጋች። በብርማው በኩል ስትሞክረው የሚመልሰው ፀሐይ የልጅቷን ዓይን አስጨፈነ፤ ገልብጣ በነጩ አደረገችው። የሚይዝላት ሰው ስትፈልግ ወይዘሮ ፈጠነች ራሳቸው ተቀበሏት።

እናት ፀሐዩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ተቸገሩ፤ ብርሃኑ አንዴ ግድግዳው ላይ፣ አንዴ እንሰቱ ቅጠል ላይ ያርፋል። ቀስ በቀስ ግን ገባቸው። ነጩን ጨርቅ ሲያቀርቡት ከጉንጯ በታች ያለው ጥላ ሳሳ፤ ትንሽ ዝቅ አድርገው ቀና ሲያደርጉት የከሳው ፊት ሞላ። ወርቅውሃ በቃ ልትላቸው ስትል ራሳቸው ቆሙ። ማንም ሳይነግራቸው ቦታውን አገኙት።

«ሜሪ» አሉ ቀስ ብለው።

ትሕትና ቀና አለች። «አቤት፣ እማዬ።»

ወርቅውሃ ያን ጊዜ አነሣቻት። ሥራው አልቋል ብትላቸውም እናት ሪፍሌክተሩን አላወረዱም። ደመና ፀሐዩን እስኪሸፍነው ድረስ እንደያዙት ቆዩ።

በሁለተኛው ሳምንት ፍሬም የገባውን ፎቶ ልትወስድ የመጣችው ትሕትና ነበረች። እናቷ ትንሽ ትንሽ መብላት መጀመራቸውን ነገረቻት። ወርቅውሃ ደስ ብሏት አንቺንም በራስሽ ልብስ ላንሣሽ ስትላት በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ከደጅ ስገባ እናቴ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ከዚያ ፊቷን ታዞራለች። ሜሪን ስትጠብቅ እኔ ነኝ የምገባባት።»

ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልላ ወጣች።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወይዘሮ ፈጠነች ብቻቸውን መጡ። ትሕትና ተበላ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ገብታለች፤ ስልክ ሲደወልላት ታነሣለች እንጂ ለመምጣት ቀን አትቆርጥም። የሜሪ ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ፤ የመጣ ሁሉ እያየ ያለቅሳል። የትሕትና ግን የለም። «የእሷንም ስጪኝ» አሉ።

ወርቅውሃ ያን ቅዳሜ ያነሣችውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፈተች። ሁሉም ሜሪ ነበሩ። አንዱ ብቻ፣ ካሜራውን ለማስተካከል ሪፍሌክተሩ ሳይዘረጋ የተነሣው፣ የትሕትና ነበር፤ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ እናቷ ወዳሉበት እያየች። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረችላቸው።

ወይዘሮ ፈጠነች ጠጋ ብለው ብዙ አዩት።

«እንዲህ ከስታ ነበር?» አሉ።

ወርቅውሃ አዎ አለቻቸው። እናት ፎቶው እስኪታተም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሲሰጣቸው በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ተበላ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ የት እንደሚቆም ጠየቁ።